"ተመለሱ" ለማለት ስንት ዓመት ይፈጃል?

የተራራው ጫፍ ይታየን ነበር። ከቆምንበት ቢበዛ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። አሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ ከትምህርት ቤታቸው አብራቸው የመጣች አንዲት መምህርት፣ የመስክ አስተማሪው እኔና ረዳቴ። ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚህ ጫፍ ሲያወሩ ነው የከረሙት፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማን ከማን ጋር ፎቶ እንደሚነሣ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከተራራው ጀርባ ግን ከጠዋት ጀምሮ በዓይኔ ስከታተለው የነበረው ደመና አናቱ እየተዘረጋ፣ ሥሩ እየጠቆረ ሄዷል። ከኋላ ከሚመጡት መካከል ደግሞ አንድ ልጅ ዝም ብሏል። ጠዋት ስለ ቦርሳው ክብደት፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ነፋሱ ሲነጫነጭ የነበረ ልጅ ነው። ዝም ማለቱን ረዳቴ "ለመደው" ብሎ በበጎ ተርጉሞታል። ጠጋ አልኩና "ጃኬትህን ዝጋው እስቲ" አልኩት። ዚፑን ሁለት ጊዜ ሞከረው። ጣቶቹ እምቢ አሉት።

"ተመለሱ" አልኩ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ አንዷ አለቀሰች። መምህርቷ ወደ ጎን ስባኝ "ሰማዩ እኮ ምንም የለበትም፤ እዚህ ድረስ ደርሰንማ እንዴት ይሆናል?" አለችኝ። ልጁን ነፋስ ከማያገኘው ቋጥኝ ሥር አስቀምጠን፣ ላብ ያራሰውን ልብስ አስወልቀን ደረቅ አለበስነው፤ ስኳር የበዛበት ትኩስ ነገር አጠጣነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስለ ቦርሳው መነጫነጩን ቀጠለ። እፎይ አልኩ። ደመናውስ? ደመናው ሐሳቡን ቀይሮ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ማታ የቀጠረኝ ድርጅት ኃላፊ ደወለ። "ደንበኛ አስቀየምን እኮ" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። በዚህ ሥራ ትክክለኛ ውሳኔ የሚተወው ማስረጃ የለምና። ያልደረሰ አደጋ ፎቶ አይነሣም፣ ሪፖርት ላይ አይሰፍርም፣ ያለቀሰችው ልጅ ግን ቤቷ ገብታ ለወላጆቿ ትናገራለች።

ከዚያ ስልክ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። ለታዳጊዎች የመስክ ካምፕ አስተማሪ ይፈለጋል ይላል። ተፈጥሮን የሚወድ፣ ተጫዋች፣ ጉልበት ያለው፣ ለሦስት ወር መሥራት የሚችል። ከግርጌው በደማቁ፦ "የሥራ ልምድ አያስፈልግም"። ደግሜ አነበብኩት። ገንዘብ ለመቁጠር፣ መኪና ለመንዳት፣ ግድግዳ ለመቀባት እንኳ ልምድ ይጠየቃል። አሥራ ሁለት የሰው ልጆች ይዞ በገደል አፋፍ ለመሄድ ግን አያስፈልግም ማለት ነው። እኔ የምለው አጭር ነው። በዚህ ሙያ ከገመዱም ከሄልሜቱም የሚቀድመው የደኅንነት መሣሪያ የአስተማሪው ማመዛዘን ነው። ይህ ደግሞ በሦስት ወር አይበስልም። ሙያው ግን ሰዎቹ መብሰል ሲጀምሩ ጥለው እንዲሄዱ ተደርጎ የተደራጀ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ስማችን አንድ ነገር ልበል። "የውጭ ትምህርት ነው የማስተምረው" ስል ሰዎች ስኮላርሺፕ የማፈላልግላቸው ይመስላቸዋል። "የመስክ" ስል ደግሞ አፈር የምመረምር። ስለዚህ አብዛኛው ሰው "አስጎብኚ" ብሎ ይገላገለናል። አስጎብኚነት የተከበረ ሙያ ነው፣ ግን ሌላ ሙያ ነው። ጎብኚው ካርታ ማንበብ ባይችል ለአስጎብኚው ምኑም አይደለም፤ እንዲያውም ለዚያ ነው የሚቀጠረው። የእኔ ተማሪ ግን በአምስተኛው ቀን ካርታውን ይዞ ከፊት ካልሄደ፣ እኔም ከኋላ ሆኜ ሲሳሳት ምላሴን ነክሼ ዝም ማለት ካልቻልኩ፣ ደሞዜን በከንቱ በልቻለሁ።

የሚገርመው፣ ይህ ሙያ ራሱ የተወለደው ከልምድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ላይ የብሪታንያን የንግድ መርከቦች እያሳደዱ ያሰምጡ ነበር። ሎረንስ ሆልት የሚባል የመርከብ ድርጅት ባለቤት አንድ ነገር አስጨነቀው። መርከብ ተመትቶ ሠራተኞቹ ወደ ነፍስ አድን ጀልባ ሲወርዱ፣ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው የሚሞቱት ወጣቶቹና ጉልበታሞቹ፣ የሚተርፉት ደግሞ በሸራ ጀልባ ዘመን ባሕር ላይ ያረጁት መርከበኞች መስለው ታዩት። ወጣቶቹ የጎደላቸው ጡንቻ አልነበረም። ያንን ብርድ፣ ያንን መጠበቅ፣ ያንን ተስፋ ማጣት ከዚያ በፊት አያውቁትም። ሆልት ይህን ጭንቀቱን ይዞ ኩርት ሃን ዘንድ ሄደ። ሃን እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን የተወለደ አስተማሪ ነው፤ ሂትለርን በግልጽ በመቃወሙ በ1933 ታስሮ ተፈታና ወደ ብሪታንያ ተሰደደ፤ በማግስቱ ዓመት በስኮትላንድ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። ሁለቱ ተባብረው በዌልስ የባሕር ዳርቻ፣ አበርዶቪ በምትባል ቦታ፣ ወጣቶች ለአንድ ወር ገደማ ከባሕርና ከተራራ ጋር የሚታገሉበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። አውትዋርድ ባውንድ አሉት፤ ወደቡን ለቅቃ ወደ ባሕር ለምትወጣ መርከብ መርከበኞች የሚሉት ቃል ነው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። "ጉልበት ያለው፤ ልምድ አያስፈልግም።" ሆልት ይህን ቢያነብ ምን ይል ነበር? የእሱ ጭንቀት መነሻ እኮ ልክ ይኸው ነበር፦ ጉልበት ያላቸውና ልምድ የሌላቸው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አውትዋርድ ባውንድ አሜሪካ ሲገባ፣ በኮሎራዶ ተራሮች ያስተምር የነበረውን ፖል ፔትዞልትን ከተማሪዎቹ ይልቅ ያሳሰቡት አስተማሪዎቹ ነበሩ። ሰውየው ተራራ የሚያውቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በዓለም በከፍታ ሁለተኛ ወደሆነው ወደ ኬ ቱ ተራራ ከዘመተው የአሜሪካ ቡድን ጋር ነበር። መሪ የሚሆን በበቂ ቁጥር እንደሌለ ሲያይ በ1965 በዋዮሚንግ፣ ላንደር ከተማ ውስጥ መሪዎችን ራሳቸውን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ናሽናል አውትዶር ሊደርሺፕ ስኩል የሚባለው ነው። ገመድ ማሰር ማንም ይማራል፤ መቼ መመለስ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ማፍራት ነው ጊዜ የሚወስደው። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል። ዛሬም በየካምፑ ተመሳሳይ ጎደሎ አያለሁ።

ልምድ ልምድ የምለው ነገር ከቅርብ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ላሳይ። ያንን ዝም ያለውን ልጅ ውሰዱ። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሰው ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ እጁ ዕቃ አልይዝ ይለዋል፣ ጠባዩ ይቀየራል። ልብሱ ከራሰ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል፤ ውኃ ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፍጥነት ሙቀት ይሰርቃል። ይህን በማንኛውም የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ ታገኙታላችሁ። የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ደግሞ ማንም ያየዋል። ወሬኛው ልጅ ዝም ማለቱን ለማየት ግን መጀመሪያ ወሬኛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተራራው ሥራ የሚጀምረው ተራራው ላይ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ማን መስኮት ዳር ብቻውን ተቀመጠ? ማን ቁርሱን አልነካም? ማን ነው ከሚገባው በላይ የሚስቀው? ልምድ ያለው አስተማሪ ይህን ሁሉ እያወራ፣ እየሳቀ፣ ቦርሳ እየጫነ ይሰበስባል። ማስታወሻ ሲይዝ አታዩትም። ከሦስት ቀን በኋላ ያወጣዋል።

ወይም ገመዱን ውሰዱ። ድንጋይ ለመውጣት ገመዱ ወገብ ላይ ካለው መታጠቂያ ጋር የሚያያዘው በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ነው። አዲሱ አስተማሪ "አስረሃል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም ራሱን ይነቀንቃል። ልጅ ሁልጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። የቆየው አስተማሪ አይጠይቅም። ገመዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎን ለጎን መሄዳቸውን በዓይኑ ይቆጥራል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ የቀረውን ጭራ ርዝመት ያያል፤ መቶ ጊዜ ያየውን ቋጠሮ ለመቶ አንደኛ ጊዜ ያየዋል። ከዚያ የልጁን ፊት ያያል፣ ምክንያቱም ቋጠሮው ልክ ሆኖ ልጁ ልክ ላይሆን ይችላል።

አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ሦስት ሜትር ያህል ወጥታ ቆመች። ከታች ጓደኞቿ "ትችያለሽ! ትችያለሽ!" እያሉ ይጮኻሉ። ደግነታቸው ነው፤ ግን ጩኸቱ "ልውረድ" እንዳትል አፏን የሚለጉማት ነገር ነበር። ገመዱን ይዞ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ እጁን አነሣና ሁሉንም ዝም አሰኛቸው። ቀጥሎ ቀስ ብሎ "ከፈለግሽ እዚያው እንቆይ፤ ከፈለግሽ እናውርድሽ፤ እኔ ቸኩዬ አይደለም" አላት። ወረደች። በሙያችን ውስጥ ፈተናው በተማሪው ምርጫ ይሁን የሚል መርሕ አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ፕሮጀክት አድቬንቸር በተባለ የአሜሪካ ድርጅት በኩል ተስፋፍቶ በየሥልጠናው ይነበነባል። ማንበብና ሃያ ልጅ እየጮኸ መተግበር ለየቅል ናቸው። ያቺ ልጅ በማግስቱ መጣችና የሌሎቹን ገመድ መያዝ ልማር አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ከላይ ሳትነቅል ያዘች። እስክንለያይ ድረስ ድንጋዩን አልወጣችውም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ሌላው የማይታይ ሥራ ሒሳብ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ደንብ ዛሬም ትሠራለች፦ ለየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር። ስምንት ኪሎ ሜትር መንገድና 600 ሜትር ዳገት በደንቡ ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙ አይዘልም። አዲሱ አስተማሪ ያችን ይዞ ይነሣል። የቆየው ኔይስሚዝ አሥራ ሁለት የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ይዞ እንዳልሄደ ያውቃል። አንዱ ጫማው ይልጣል፣ አንዷ ሽንት ይመጣታል፣ ሁለቱ ይጣላሉ። አራት ሰዓት ይይዛል፤ አራቱንም አይነግራቸውም።

የማታው ክብ ደግሞ አለ። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳለው፣ ትምህርት ከልምድ ይገኛል ማለት ልምድ ሁሉ እኩል ያስተምራል ማለት አይደለም። ወንዝ መሻገር በራሱ ማንንም አያስተምርም፤ ብዙ ሰው ወንዝ ተሻግሮ ያው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ክብ ሠርተን እንቀመጥና "ዛሬ መንገዱን የሳትነው መቼ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ዝምታ ይሆናል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጀማሪ ሳለሁ ዝምታው ስለሚያሳፍረኝ መልሱን ራሴ እናገር ነበር፤ ያማረ ንግግር፣ ልጆቹ የሚያንቀላፉበት። ሁለት ደቂቃ ዝም ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። እውነቴን ነው።

በስኮትላንድ የካይርንጎርም ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 የሆነውን ማንሣት ግድ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ለሁለት ተከፈለ። ጠንካሮቹ ልጆች ልምድ ካለው መሪ ጋር ሄዱ፤ ደካሞቹ ልጆች ሃያ ዓመት አካባቢ ከሆናት፣ ልምዷ ካነሰ መሪና ከአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ረዳት ጋር። የበረዶ ማዕበል ደረሰባቸው። ሁለተኛው ቡድን ሜዳው ላይ ሁለት ሌሊት አደረ፤ አምስት ተማሪዎችና ረዳቷ ሞቱ። ይህን የማነሣው ያቺን ወጣት መሪ ለመውቀስ አይደለም፤ ሞቅ ካለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መውቀስ ቀላል ነው። እኔን የሚቆጠቁጠኝ አከፋፈሉ ነው። ልምድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለደካሞቹ ነበር። ዛሬም በየቦታው የምናየው ይኸው ነው፤ አንጋፋው አስተማሪ ትልቁን ጉዞ ይመራል፣ "ቀላል" የተባለው የአንድ ቀን የልጆች ፕሮግራም ለአዲሱ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ፣ "ላይም ቤይ" በሚባል የባሕር ወሽመጥ፣ ስምንት ተማሪዎችና አንድ መምህር ካያክ በሚባሉ ጠባብ ጀልባዎች ወደ ባሕር ወጡ። ከነሱ ጋር የነበሩት የጉዞ ማዕከሉ ሁለት አስተማሪዎች በካያክ የነበራቸው ደረጃ የጀማሪ ነበር። ነፋሱ ከዳርቻው እየገፋ ወሰዳቸው። አራት ታዳጊዎች ሞቱ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፦ አደጋው ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ በደኅንነቱ ጉድለት ምክንያት ከዚያው ማዕከል የለቀቁ አስተማሪዎች ለኃላፊው በጽሑፍ አስጠንቅቀውት ነበር። ያወቁት ሄዱ፣ ያላወቁት ቀሩ፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ተቀመጠ። ኃላፊውም ድርጅቱም በ1994 በሰው መግደል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በማግስቱ ዓመት ፓርላማው እንዲህ ያሉ ማዕከላት ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን የትኛውም ሕግ የለቀቀን ሰው ወደ ጀልባው አይመልስም።

በኒውዚላንድ፣ ማንጋቴፖፖ በሚባል ጠባብ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 ድንገተኛ ጎርፍ ስድስት ተማሪዎችንና መምህራቸውን ወሰደ። ቡድኑን ትመራ የነበረችው የጉዞ ማዕከሉ አስተማሪ ከተቀጠረች የወራት ዕድሜ ብቻ ነበራት። እዚህም ላይ ወቀሳ አልጨምርም። አንድን ወንዝ ለማወቅ ስንት ወር ይበቃል የሚለውን ብቻ እጠይቃለሁ።

ታዲያ ሰዎቹ ለምን ይለቃሉ? "ተፈጥሮ ውስጥ በነጻ እየተዝናናህ ደሞዝ ይከፈልሃል" የሚለኝ ሰው አላጣም። ውሉ የወቅት ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል፤ በቀሩት ወራት ምን ትበላለህ የሚል የለም። የምትተኛበት አልጋ ከስምንት ሰው ጋር የምትጋራው ክፍል ውስጥ ሆኖ ከደሞዝህ እንደ ጥቅማጥቅም ይታሰባል። የሥራ ሰዓቱ ስምንት ነው ይላል ወረቀቱ፤ ድንኳን ውስጥ ግን አንድ ጆሮህን ከፍተህ ነው የምትተኛው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ጋሼ፣ ነቅተዋል?" የሚል ድምፅ ይመጣል። ሆዱን ያመመው ይሆናል፣ ቤቱ የናፈቀው ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ እሳቱ ዳር ለማንም ያልነገረውን፣ ቤቱ ውስጥ የሚደርስበትን የሚነግርህ ልጅ ይሆናል። እሱን ሰምተህ፣ ለሚመለከተው አሳውቀህ፣ በማግስቱ ጠዋት ፊትህን አጥበህ የሁሉንም ቋጠሮ ትቆጥራለህ። ይህን የሚሸከም ትከሻ ይሠራል እንጂ አይወለድም። ሠላሳ ዓመት አካባቢ ላይ ጉልበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ልጅ ይመጣል፣ ኪራይ ይመጣል። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ጎበዝ የምላቸው ሁሉ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ናቸው። አንዱ ኢንሹራንስ ውስጥ ነው፤ ሌሎች የሚወስዱትን አደጋ በቁጥር ያሰላል፣ ደሞዙም ከእኔ ሦስት እጥፍ ነው። ሲያገኘኝ "ወንዙ እንዴት ነው?" ይለኛል።

የድርጅቶች መልስ ሁልጊዜ የምስክር ወረቀት ነው። አልቃወምም። ከሆስፒታል ርቆ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይፈጃል፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ እኔም በተማርኩት ጊዜ እንቅልፌን ነው የነሣኝ፣ ከዚያ በፊት ሳላውቅ የሠራሁትን ሳስበው። ነገር ግን ሰማንያ ሰዓት በአሥር ቀን ያልቃል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሹፌር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ወረቀቱ የተያዘው ለመጀመር ነው። ቀጣሪው ግን ወረቀቱን አይቶ ነገሩን ይዘጋዋል።

ልምድንም ግን አላመልከውም፤ እዚህ ላይ ራሴን ልሞግት። ኢያን ማካመን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ጥናቱ 715 የበረዶ ናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚያኮራ አይደለም። ሥልጠና ያላቸው ሰዎች በደንብ በሚያውቁት ቦታ ላይ ሲሆኑ፣ ከማያውቁት ቦታ ይልቅ የባሰ አደጋ ውስጥ ይገቡ ነበር። ቦታው "የእኔ" ስለሆነ ዓይናቸው ይተኛል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ጊዜ የሄድኩበት መንገድ ላይ ነው ራሴን ካርታ ሳላወጣ ያገኘሁት። ስለዚህ አሥር ዓመት መቆየት ብቻውን አሥር ዓመት ልምድ አይሆንም፤ አንድን ዓመት አሥር ጊዜ መድገምም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንጋፋና አዲስ አብረው መሄድ ያለባቸው። አዲሱ የሚጠይቀው ጅል ጥያቄ፣ "ለምንድን ነው እዚህ የማንሻገረው?" የሚለው፣ አንጋፋውን ያነቃዋል። እኔን ብዙ ጊዜ አንቅቶኛል።

የዋጋው ክርክር ይከብደኛል። ለአስተማሪው በቂ ከተከፈለ የካምፑ ዋጋ ይወደዳል፤ ከተወደደ ደግሞ ተራራው የሀብታም ልጆች ብቻ ይሆናል፤ የደሃው ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ። ይህ እውነት ነው፣ ቀላል መልስም የለኝም። የማውቀው ግን አሁን ልዩነቱን እየከፈለ ያለው ማን እንደሆነ ነው፦ የሃያ ሁለት ዓመቱ አስተማሪ። አውቶቡሱ ዋጋው አይቀነስለትም፣ ድንኳኑ አይቀነስም፣ ኢንሹራንሱ አይቀነስም። የሚቀነሰው ሁልጊዜ የሰውየው ነው። ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ሠራተኛን ደሞዝ "የሽርሽር ወጪ" ብለው አይመዘግቡም፤ የእኛን ግን ይመዘግባሉ።

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ግን ገንዘብ እንኳ አይደለም። በውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ እንድትጻፍ ነው፦ አስተማሪው ተመለሱ ካለ ይመለሳሉ፣ በዚያም አይጠየቅም። በብዙ ቦታ ይህ በቃል ይነገራል፤ ማታ ስልኩ ሲመጣ ግን ቃል የት እንደሚገባ አይታችኋል። ቀጥሎ፣ "ለጥቂት ተረፍን" የሚባሉ ነገሮች የሚጻፉበት ደብተር፣ ጻፊው የማይቀጣበት። ከዚያ ከሦስት ወር ያለፈ ውል። ጉዞ በማይኖርበት ወራት አስተማሪው ቢያንስ አዲሶቹን ያሠልጥን፣ መንገዶቹን ይመርምር፣ ገመዶቹን ይፈትሽ። ሥራ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰው ነው።

ተማሪዎቻችንን የምናሻግርበት አንድ ወንዝ አለ። መሻገሪያው አጠገብ ደረጃ የመሰለ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ከእኔ በፊት ረጅም ዓመት የሠራ ባልደረባዬ ነው ያሳየኝ። "ሁለተኛዋ እርከን ከተሸፈነች አትሻገር፤ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም አትሻገር፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከወንዙ በላይኛው በኩል ነው" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም። እኔም ብዙ ጊዜ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሜ እርከኗን አጥቼ ልጆቹን በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ ወስጃለሁ። ባልደረባዬ ከሦስት ዓመት በፊት ለቀቀ፤ ጉልበቱ ነው። ባለፈው ወቅት ከአንድ አዲስ ተቀጣሪ ጋር እዚያው ቆምን። በእጁ ሃያ ገጽ የደኅንነት መመሪያ ይዟል፤ ድንጋዩ በአንዱም ገጽ ላይ የለም። አሳየሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየውና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከሌሎቹ ቀድሞ ነበር ልጆቹን በስም የያዘው። "ለሚቀጥለው ወቅት ያስፈልግሃል" አልኩት።

"በሚቀጥለውማ የለሁም ጋሼ" አለ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። "ውሌ እኮ አርብ ያልቃል።"